ራይት የተደረገበት ሁሉ

ትምህርቴን ያቆምኩት ከሰባተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ዛሬም ዓይኔ ላይ የሚመጣው አንድ ነገር ነው፤ በቀይ እስክርቢቶ የተደረገ ራይት። የሰፈራ መንደራችን የሂሳብ አስተማሪ ደብተራችንን ሰብስቦ ሲያርም፣ ትክክል ለሆነው መልስ ጭራው የረዘመ ራይት ይስብለት ነበር። ጭራው አንዳንዴ ቀጣዩን መስመር ያልፋል። አባቴ ማንበብ አይችልም። ግን ደብተሬን ገልጦ "ዛሬ ጭራ ያላት ስንት ናት?" ይለኝና አንድ በአንድ በጣቱ እየነካ ያያታል። ያልተማረ ሰው እንኳ ራይት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። አዋቂ አይቶታል፣ ትክክል ነው፣ እለፍ ማለት ነው።

ይህን የማነሳው እንዲያው ወሬ ለመጀመር አይደለም። በዚህች ምልክት የተነሳ የአንድ የሞተ ሰው ድምፅ ከእጄ ላይ ጠፍቶብኛል።

ጋምቤላ ከተማ፣ ከባሮ ድልድይ ብዙም ሳይርቅ፣ አንዲት ክፍል ሱቅ አለችኝ። ፎቶ አነሳለሁ፤ ሰርግ፣ ምርቃትና መንፈሳዊ ጉባኤ እቀርፃለሁ፤ የቀረፅኩትን ዲቪዲ ላይ አድርጌ እሰጣለሁ። ከአዲስ አበባ የሚመጣ እንግዳ "ዲቪዲ አሁንም አለ እንዴ?" ብሎ ይስቃል። አለ። ወደ ጠረፍ ስትሄዱ ኔትወርክ ይጠፋል፤ ቤተክርስቲያኑ ውስጥ ግን በሶላር የሚሠራ አንድ ቴሌቪዥንና አንድ ዴክ ታገኛላችሁ። የዴኩ የፍላሽ መሰኪያ ድሮ ተሰብሯል። የዲስክ ማስገቢያው ግን ይሠራል። እኔ የምኖረው በዚያ ማስገቢያ ነው ብል አልዋሸሁም።

ኮምፒውተር ማንም አላስተማረኝም። መጀመሪያ ያመጣልኝ ሰው ሰክቶ፣ አብርቶ፣ ሲወጣ በር ላይ ቆሞ አንድ ምክር ብቻ ሰጠኝ። "የሆነ ነገር ከጠየቀሽ ኔክስት በይው" አለኝ። እሺ ይበልጣል ከሺህ ሲባል ላደገች ሴት ይሄ አይከብድም። የቀረውን በመነካካት ተማርኩት። ስንት ጊዜ አበላሽቼ፣ ስንት ጊዜ አልቅሼ፣ በመጨረሻ የከተማው ሰው "ዲቪዲ ከሆነ እሷ ጋ ሂድ" ማለት ጀመረ። ኩራት ቢጤ አድሮብኝ ነበር፣ አልደብቃችሁም።

መስከረም መጨረሻ ላይ አንዲት ሴት መጣች። ማማ ነው የምላት። ኑዌር ናት፤ ዕድሜዋ ሃምሳን አለፍ ያለ፣ ቁመቷ የሱቄን በር ጎንበስ አድርጎ የሚያስገባት። ሰላምታዋ "ማሌ" ነው፤ እኔም "ማሌ" እላለሁ፤ የእኔ ኑዌርኛ እዚያ ላይ ያልቃል። የሷ አማርኛ ከእኔ ኑዌርኛ መቶ እጅ ይሻላል፤ ወንድና ሴት ብቻ አይለይላትም። እኔን ሁልጊዜ "አንተ" ነው የምትለኝ። ለምጄዋለሁ።

ባሏ ወንጌላዊ ነበር። ባለፈው ዓመት ክረምት ታሞ እዚሁ ከተማ ሞተ። እናቱ ጠረፉ ጋ፣ ማታር አካባቢ ናቸው፤ በጣም ያረጁ፣ ዓይናቸው የደከመ። በሞተ ጊዜ ወንዙ ሞልቶ መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ለቀብሩ አልደረሱም። ሞቱን ሰው ሄዶ ነገራቸው። እሳቸው ግን አላመኑም።

"ምን ይላሉ?" አልኳት።

"ልጄ አልሞተም ይላል" አለች፤ እናትየውንም በወንድ አንቀጽ ነው የምትጠራቸው። "ተቆጥቶኛል፣ ለዚህ ነው የቀረ ይላል። ምን በደልኩት ይላል። ሁልጊዜ እኔን ይጠይቃል። አንድ ዓመት ሙሉ።"

ስልኳን አወጣች። መስተዋቱ የተሰነጠቀ ስልክ ነው። ውስጡ አንድ ቪዲዮ አለ። ባሏ ከመታመሙ በፊት በአንድ የሦስት ቀን ጉባኤ ላይ፣ ድምፁ በስብከት ሰልሎ፣ አንድ ሰው በሷ ስልክ ቀርፆታል። ትንሽ ይዘምራል፣ ትንሽ ይናገራል፣ መጨረሻ ላይ ለእናቱ ሰላምታ ይልካል። "እናቴ፣ ሥራ ይዞኝ ነው የቀረሁት፣ በልቤ ምንም የለም፣ እመጣለሁ" ይላል አለችኝ። ከዚያ ሌላ ምንም የተቀረፀ ነገር የለውም።

"በዲስክ አድርግልኝ፣ እዚያ ቤተክርስቲያን ዴክ አለ። ድምፁን ከሰማ ያምናል" አለች። "እንዳልተቆጣ ያውቃል። ከዚያ ማልቀስ ይችላል።"

ማልቀስ ይችላል ያለችው ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። አሮጊቷ አንድ ዓመት ሙሉ ልጃቸውን አላለቀሱትም ማለት ነው።

ቪዲዮውን ወደ ኮምፒውተሬ ገለበጥኩት። ከስልክ የሚመጣ ነገር ሁሉ የሚያርፍበት አንድ ፎልደር አለ፤ እዚያ ተቀመጠ። ስመልስላት ስልኳ ሞልቷል እያለ ፎቶ አላነሳ እንዳላት ነገረችኝ። አየሁት፤ ያን ቪዲዮ ጨምሮ ከባድ ከባዱን አጠፋሁላት። "አትስጊ ማማ፣ እኔ ጋ አለ። እኔ ጋ ከገባ ተቀመጠ ማለት ነው" አልኳት። ደስ ብሏት ሄደች። እነዚያን ቃላት መልሼ መዋጥ ብችል ኖሮ ዛሬውኑ እውጣቸው ነበር።

እንግዲህ ከዚያ በፊት በነበረው ወር ኮምፒውተሬ ታሞ ነበርና ባለሙያ ሁሉን አጥፍቶ እንደ አዲስ ጭኖልኛል። ዲቪዲ የምሠራበት የድሮው ሶፍትዌር አብሮ ጠፋ። አዲስ ፈለግኩ። ኢንተርኔት ላይ አንድ አገኘሁ፤ ስሙ የሚያምር፣ ነፃ ነው የሚል። ኔትወርኩ እየመጣ እየሄደ ግማሽ ቀን ፈጅቶ ወረደ። ከፈትኩት። ጥያቄ ጀመረ። ኔክስት አልኩት።

ሁለተኛው ገጽ ላይ ትንንሽ ሳጥኖች መጡ፤ አጠገባቸው ረዥም እንግሊዝኛ። ሳጥኖቹ ውስጥ ራይት ተደርጓል። እኔ ሳልነካቸው ታርመው ነው የጠበቁኝ። ሦስተኛው ገጽም እንዲሁ። አራተኛውም። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ልቤ ሞቀ። የሂሳብ አስተማሪያችን ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ መጥቶ ደብተሬን ያረመልኝ መሰለኝ። የታረመ ደብተር ላይ ደግሞ ማን ይሰርዛል? አንዱ ገጽ ላይ ብቻ አንድ ሳጥን ባዶ ነበር። አዘንኩለት። እኔው ራሴ ራይት አደረግኩለት።

ሶፍትዌሩ ተጫነ። የማማን ቪዲዮ አስገብቼ፣ መግቢያው ላይ መስቀልና አበባ አድርጌ፣ ዲስክ ላይ ጻፍኩት። ዴክ ውስጥ ከትቼ ለማየት ተቀመጥኩ።

ሰውዬው መጣ። ረዥም፣ ቀጭን፣ ፈገግ ያለ። ግንባሩ ላይ ግን፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ነጭ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ተጋድሟል። ሲንቀሳቀስ አይንቀሳቀስም፤ ሲያጎነብስ ግንባሩ ላይ፣ ቀና ሲል አፉ ላይ። በመዝገበ ቃላት ፈለግኩት። ሙከራ ነው፣ ሙሉው አልተገዛም ማለት ነው። ደነገጥኩ። በሞተ ሰው ፊት ላይ ማስታወቂያ የሚጽፍ ምን ዓይነት ነፃ ነው? እንዲህ ያለ ዲስክ ከእኔ ሱቅ አይወጣም ብዬ የተበላሹ ዲስኮች ካርቶን ውስጥ ወረወርኩት። ለማማ "ሌላ ሶፍትዌር እስካገኝ ትንሽ ጠብቂኝ፣ እናቱ ጋ ለምትሄጂበት ጀልባ አደርስልሻለሁ" አልኳት።

ያን ካርቶን የሚወስደው ታላቅ ወንድሜ ነው። ወላጆቻችን ከወሎ መጥተው የሰፈሩበትን መሬት ዛሬም የሚያርሰው እሱ ነው። ቅዳሜ ለገበያ ሲመጣ ሱቄ ጎራ ይልና "የወፍ ዕቃ የለሽም?" ይላል። ዲስኮቹን በክር ማሽላው ላይ ያንጠለጥላቸዋል፤ ነፋስ ሲያዞራቸው በፀሐይ ይብለጨለጫሉ፣ ግሪሳ ይሸሻል። ያን ቅዳሜም መጣ፣ ወሰደ፣ ሄደ። አላሰብኩትም።

እሑድን አረፍኩ። ሰኞ ጠዋት ኮምፒውተሬን ስከፍት ሌላ ሰው ቤት የገባሁ መሰለኝ። ኢንተርኔት የምከፍትበት ገጽ ተለውጧል፤ የማላውቀው ስም፣ የማላውቃቸው ሥዕሎች ተደርድረዋል። ከላይ የማላውቀው መስመር፣ ከታች የማላውቀው ምልክት። አጥፍቼ አበራሁት። ያው ነው። ማን ገብቶ አደረበት? በሩን አየሁ፣ ቁልፉን አየሁ። ሱቄ እንደተቆለፈች ነበረች።

እዚህ ድንጋጤ ውስጥ እያለሁ ማማ ከሁለት የቤተክርስቲያን ሴቶች ጋር መጣች። ለዲስኩ ሽፋን የሚሆን ፎቶ ሊመርጡ ነው። ወንበር ሰጥቼ ፎቶዎቹን ከፈትኩ። ባሏ መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ የቆመበት ላይ ስንደርስ፣ ከስክሪኑ ጥግ አንዲት ሴት ብቅ አለች። ጋምቤላ ሙቀት ነው፤ ልብስ መቀነስ እዚህ ለማንም አዲስ አይደለም። ይቺ ግን የቀነሰችው በሙቀት አይደለም። በጣቷ ትጠራናለች። ልዘጋት ስል ሁለት ሆነች።

እኔ ሰውነቴ ላብ በላብ ሆነ። ከሴቶቹ አንዷ ጠጋ ብላ አየችና "ይቺ ዘመድሽ ናት?" አለችኝ፣ ፊቷ ሳይለወጥ።

"ተወው" አለች ማማ። "ሞቆት ነው።"

ሳቁ። እኔም አብሬ ልስቅ ሞከርኩ። የኤሌክትሪክ ሶኬቱን ነቅዬ ነው ያጠፋሁት።

ከሰዓት በኋላ መልሼ ሳበራው ቀይ መስኮት መጣ። ኮምፒውተርህ ቆሽሿል፣ አደጋ ላይ ነህ፣ ላጽዳልህ? ይላል። ይሄም የማላውቀው ነው፤ ግን እንደዚያች ሴት አላስቀየመኝም። ይልቁንም፣ እሰይ፣ የሚያጸዳ መጣ አልኩ። የሚያጸዳቸውን ነገሮች ዘርዝሯል፤ አሁንም ሁሉም ራይት ተደርጎባቸዋል። እሺ አልኩት። መጥረጊያ እየተንቀሳቀሰ ጠረገ። ሲጨርስ መስኮቱ አረንጓዴ ሆነና አንድ ትልቅ ራይት መሃሉ ላይ ተሳለ፣ ጭራው የረዘመ። ብዙ ቦታ እንደተለቀቀም ነገረኝ። እውነትም ቦታ ነበር፤ የምሠራውን አንድ የሁለት ቀን ሰርግ ሙሉውን ገለበጥኩበት፣ ያለችግር ገባ።

ማማ የምትሄደው ሐሙስ በጀልባ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ጀዊ የስደተኞች ካምፕ ለአንድ የእርዳታ ድርጅት በኮምፒውተር ባለሙያነት የሚሠራ ደንበኛዬ ጋ ደወልኩ። ልጆቹን ሁልጊዜ እኔ ነኝ ፎቶ የማነሳለት። በምሳ ሰዓት ጥሩ ሶፍትዌር ይዞ እንደሚመጣ ነገረኝ። እስከዚያ ቪዲዮውን ላዘጋጅ ብዬ ፎልደሩን ከፈትኩ።

ባዶ ነው።

ሌላ ፎልደር መስሎኝ ዘግቼ ከፈትኩ። ባዶ። በስም ፈለግኩ። የለም። ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ፈለግኩ። እሱም ንጹህ ሆኖ ተጠርጓል። የሰው ዕቃ እኔ ቤት ገብቶ ተሰርቆብኝ አያውቅም። ተሰርቆ ቢሆን እንኳ ይሄ አይሆንም ነበር፤ የተሰረቀ ዕቃ አንድ ቦታ አለ።

እዚያው በር ላይ "ማሌ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ማማ ናት። ጎንበስ ብላ ገባች።

"አለቀ?" አለች።

"መብራት አስቸገረኝ" አልኳት። አምፖሉ ከራሳችን በላይ ቦግ ብሎ በርቷል። ቀና ብላ አየችው፣ እኔን አየችኝ። "ከሰዓት እመጣለሁ" ብላ ወጣች።

ባለሙያው በምሳ ሰዓት መጣ። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ትንሽ ነካካና ቀና አለ።

"በዚህ ኮምፒውተር የሚጠቀመው ስንት ሰው ነው?"

"እኔ ብቻ።"

"ታዲያ እነዚህን ሁሉ ማን ጋበዛቸው?"

ስክሪኑ ላይ ስም ደርድሯል። ሰባት ፕሮግራም። አንዱንም አላውቀውም። ማስታወቂያ የሚያመጣ፣ ኢንተርኔቱን የሚቀይር፣ አጸዳለሁ ብሎ የሚጠርግ። ሁሉም በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ነው የገቡት።

"ከዲቪዲ ሶፍትዌሩ ጋር ተሳፍረው ነው የመጡት" አለኝ። "የሚያጸዳው ያን ፎልደርሽን ቆሻሻ ብሎ ጠርጎታል።"

"ማን ፈቀደላቸው?"

"አንቺ።"

"እኔ አልፈቀድኩም።"

የወረደውን ፋይል እንደገና ከፈተና ኔክስት አለ። ሳጥኖቹ መጡ፣ ራይታቸውን ይዘው። በጣቱ አንዱን ነካ። "ይሄ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ? ይሄን ፕሮግራምም ጨምርልኝ ነው። ይሄኛው ደግሞ ኢንተርኔቴን ቀይርልኝ። ራይቱን ማጥፋት ነበረብሽ።"

"ራይት ተደርጎበት እኮ ነው የመጣው።"

"አዎ፣ እነሱ ናቸው ያደረጉት።"

"ትክክል ነው ማለት አይደለም?"

ዞር ብሎ አየኝ። ሊስቅ ነበር መሰለኝ፤ ፊቴን ሲያይ ተወው። "እዚህ ላይ ራይት ማለት ትክክል ማለት አይደለም እህቴ። እሺ ብያለሁ ማለት ነው። በአንቺ ስም ቀድመው እሺ ብለውልሻል።"

ምን ልበላችሁ። የፋይሉ መጥፋት አስደንግጦኛል፤ ይሄ ግን ሌላ ድንጋጤ ነው። አንድ ሰው፣ የት አገር እንዳለ የማላውቀው፣ በእኔ አፍ እሺ ብሎ፣ እኔ ደግሞ ተመስገን ታረመልኝ ብዬ፣ ባዶውን ሳጥን ራሴ ሞልቼ። በደብተሬ ላይ የአስተማሪ ቀለም መስሎኝ የሌባ ቀለም ነበር።

የጠፋውን የሚመልስ ፕሮግራም ከፍላሹ አውጥቶ ሞከረ። ብዙ ቆየ። በመጨረሻ ራሱን ነቀነቀ። "ከተጠረገ በኋላ ከባድ ነገር ጭነሽበታል?"

"ሰርግ" አልኩት።

"በላዩ ላይ ሰርግ ተጽፎበታል።"

ከዚያ ዕቃውን እየሰበሰበ "አንድም ዲስክ አልሠራሽም?" አለኝ።

"አንድ ሠርቼ ነበር። ፊቱ ላይ ጽሑፍ ወጥቶበት ጣልኩት።"

"የት?"

ካርቶኑን ቅዳሜ ወንድሜ እንደወሰደው ትዝ አለኝ። ማሽላው ላይ ነው።

ማማ ከሰዓት ስትመጣ መብራት አስቸገረኝ አላልኳትም። አስቀምጬ ሁሉን ነገርኳት፤ ከስልኳ ያጠፋሁትን፣ ከእኔ የጠፋውን፣ የቀረው አንዱ የት እንዳለ። አልተቆጣችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

"ወፍ የሚጠብቅ ባሌ ነው?" አለች።

"እሱ ነው።"

ተነሳች። "እንሂድ።"

መንደሩ ከከተማ አንድ ሰዓት ያህል ይሆናል። በሚኒባስ ሄድን። ወንድሜ ከሩቅ አይቶን ሰው የሞተ መስሎት ወደ መንገድ ወጣ። ሞቶስ ነበር፣ ዓመት ሆኖታል። ስነግረው ቆቡን አውልቆ ወደ ማሳው ዞረ። ማሽላው ከሰው በላይ ነው፤ ፍሬ ይዟል። ከላዩ ዲስኮቹ ይዞራሉ፣ ዓይን ይወጋሉ። ከአርባ አያንሱም።

"ጋሼ፣ የቅዳሜዎቹ የትኞቹ ናቸው?" አልኩት።

"እኔ በምን አውቃለሁ። ሁሉም ፊት የላቸውም" አለ። "ደግሞ የተበጠሱትን በአዲስ ክር ሳስር አደበላልቄአቸዋለሁ።"

ሦስታችንም ገባን። ቅጠሉ ክንዳችንን እየላጠው፣ ክር እየቆረጥን፣ ዲስኩን በቀሚሳችን ሰበሰብን። ማማ ቁመቷ ስለሚደርስ ያለመሰላል ታወርዳለች። ወፎቹ ነገሩ ገብቷቸዋል መሰለኝ፣ ከጀርባችን ያረፉበት ጫፍ ሁሉ ይወዛወዝ ነበር። ወንድሜ አንዴ ወደ ሰማይ፣ አንዴ ወደ ማሽላው ያያል። ክር መቁረጡን ግን አላቆመም። የዓመት ቀለቡ ነው እኮ።

እሱም ቤት ሶላርና ዴክ አለ። ዲስኮቹን በእርጥብ ጨርቅ እየጠረግን አንድ በአንድ እናስገባ ጀመር። ሰርግ። ምርቃት። ሰርግ። አንዳንዱ ፀሐይ በልቶት ዴኩ ይተፋዋል። በተፋ ቁጥር፣ እሱ ቢሆንስ እላለሁ። የአንዲት ሙሽራ ኬክ እየተቆረሰ እያለ ወንድሜ "ይሄ ሁሉ ድግስ ከላዩ እያለ ነው ለካ ግሪሳው እምቢ ያለኝ። የተጠራ መስሎት ነው" አለ። ማማ ከወጣን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

ስንተኛው ላይ እንደሆነ አላስታውስም። ምስሉ ሳይመጣ ድምፁ ቀደመ። የሰለለ የወንድ ድምፅ፣ በኑዌርኛ የሚዘምር። ማማ ተነሳች። ራሷ የጣሪያውን ቆርቆሮ ሊነካ ደረሰ። ከዚያ ፊቱ መጣ፣ ነጩም ጽሑፍ አብሮት።

ማየት አልቻልኩም። "ማማ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ይሄ ግንባሩ ላይ ያለው..."

"ምን ይላል?"

"ሙከራ ነው ይላል።"

ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። ባሏ እንደ ብዙ የኑዌር ወንዶች በወጣትነቱ የተበጀለት የግንባር መስመር አለው፤ ከጆሮ እስከ ጆሮ ስድስት መስመር። ጽሑፉ ልክ ከመስመሮቹ ሥር ተጋድሟል። በጣቷ ከላይ ወደ ታች ቆጠረቻቸው።

"ስድስቱን በምላጭ አወጡለት" አለች። "ምንም አላለቀሰም፣ ጎበዝ ነበር። ሰባተኛውን አንተ ጨመርክ።"

ወንድሜ ሳቀ፤ እኔ አለቀስኩ።

ገና አልጨረስንም ነበር። ለእናቱ የላከው ሰላምታ መጨረሻ ላይ ነው። እዚያ ሲደርስ ምስሉ ተሰባበረ፣ ቆመ። ባሏ አፉን ከፍቶ ቀረ። ማማ "እዚህ ነው፣ እናቴ ሊል ነው" አለች፤ ድምፅዋ ከዚያ በፊት ሰምቼው በማላውቀው መንገድ ቀጥኖ። ዲስኩን አወጣሁት። ዳሩ ላይ ክሩ ሲፋተግበት የቀረ ጭረት አለ። ትከሻዋ ላይ ያሰረችውን ጨርቅ ጫፍ ሰጠችኝ። በትንፋሼ እያራስኩ ከመሃል ወደ ዳር ጠረግኩት፤ በዚያ ቤት ውስጥ የሚተነፍስ እኔ ብቻ ነበርኩ። መልሼ አስገባሁት። ቆመ። እንደገና ጠረግኩት። ሦስተኛው ላይ ተንቀጠቀጠ፣ ተንገጫገጨ፣ አለፈ። ምን እንዳለ አልገባኝም፤ ማማ ግን በእያንዳንዱ ቃል ራሷን ስትነቀንቅ አየሁ።

ረቡዕ ባለሙያው ሰባቱን ነቅሎ፣ አዲሱን ሶፍትዌር እኔው እንድጭን አስቀመጠኝ። እዚያም ሳጥን ነበረ፤ አንድ፣ ራይት ያለበት። ምን እንደሚል ቃል በቃል አስነበበኝ። ከዚያ ራይቱን አጠፋሁት። ጣቴ ስትጫን አባቴ ከኋላዬ ቆሞ የሚያይ መሰለኝ፤ ጭራ ያላትን ለምን ሰረዝሽ የሚለኝ። ዛሬም ሳጠፋ እንደዚያ ይሰማኛል። ግን አጠፋለሁ።

ከዚያ ዲስክ ሦስት ቅጂ አወጣሁ። ሰባተኛው መስመር እንዳለ ነው፤ ሊነሳ አይችልም። ማማ ሐሙስ ሦስቱንም በጨርቅ ጠቅልላ በጀልባው ሄደች።

ዋናውን ዲስክ ለወንድሜ አልመለስኩለትም። ያልተበላሹ ባዶ ዲስኮች ከነማሸጊያቸው ላክሁለት። "እነዚህ የበለጠ ያበራሉ" ብሎ ተቀበለኝ፤ ግሪሳው የበላውን ግን አላነሳም።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይታ ማማ ተመለሰች። በሩ ላይ ጎንበስ ብላ ገባች፣ ማሌ አለች፣ ተቀመጠች።

"ሰማ" አለች፤ እናትየውን ማለቷ ነው። "ቤተክርስቲያን ውስጥ አስቀመጥነው፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ። ዓይኑ አያይም፣ ጽሑፉን አላየም። ጆሮውን አስጠጋ። እናቴ ሲል እጁን አነሳ። እንደገና አለ። እንደገና አደረግን። አራት ጊዜ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ እኔን ተቆጣኝ። ድምፁ ደርቋል አለ። ይሄን ያህል ሲናገር ወተት የሚሰጠው አንድ ሰው አልነበረም? አለ።" ማማ የጨርቋን ጫፍ በጣቷ ታጠቀልለው ነበር። "ከዚያ አለቀሰ።"